የሮቦቱ ክንድና የሐኪሙ እጅ

በሄርማታ ገበያ ቡና የሚሸጥ ሰው ስለ ቡናው ብዙ ይናገራል፤ ገዢው ግን ወሬውን እየሰማ እጁን ወደ ጆንያው ይሰዳል። ከላይ የተዘረጋውን ትቶ ከሥር ዘግኖ ያወጣል፤ ያገላብጠዋል፣ ያሸተዋል፤ ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህም ጽሑፍ በቀዶ ሕክምና ሮቦት ላይ ለማድረግ የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ የተጻፈውን የሚከታተል ተማሪ ሁለት ዓይነት አስተያየት ያጋጥመዋል። አንደኛው ወገን ሮቦቱ ከሰው እጅ ይበልጣል፣ ርቀትን ያጠፋል፣ ጥቂት ቆይቶም ያለ ሐኪም ብቻውን ይሠራል እያለ ያመሰግነዋል። ሁለተኛው ወገን፣ ይልቁንም በአገራችን፣ ኦክስጅንና ደም በማይበቃበት ቦታ ስለ ሮቦት ማውራት ቅንጦት ነው ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመስጋኞቹ ከማስረጃው አልፈው እንደ ሄዱ፣ ነቃፊዎቹም ማስረጃውን ሳይመረምሩ እንደ ተነሡ ያምናል። ስለዚህ በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ተናግረን፣ ሦስቱን የምስጋና ቃሎች በየተራ፣ ከዚያም ነቀፌታውን እንመለከታለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ስለ ስሙና ስለ አሠራሩ

«ሮቦት» የሚለው ቃል የተገኘው ከቴአትር ነው። የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ቴአትር ውስጥ ለሰው የሚያገለግሉትን ሰው ሠራሽ ፍጡራን በዚህ ስም ጠራቸው፤ ቃሉም በቼክ ቋንቋ ገባር ለባለ መሬት በግዴታ የሚሠራውን ሥራ ከሚያመለክተው ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ ስሙን የሰማ ሁሉ በራሱ አስቦ በራሱ የሚሠራ የብረት አገልጋይ ይታየዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው መሣሪያ ግን ዛሬም እንዲህ ያለ አይደለም።

ታሪኩ አጭር ነው። በ1985 በአሜሪካ ሎንግ ቢች በተባለው ከተማ፣ ለፋብሪካ ሥራ የተሠራ ፑማ 560 የሚባል የብረት ክንድ፣ ከአንድ በሽተኛ አንጎል ናሙና ለሚወስደው መርፌ አቅጣጫ እንዲይዝ ተደረገ። በ1992 ሮቦዶክ የተባለው መሣሪያ በዚያው አገር ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የሚገባበትን የጭን አጥንት በልክ መሰርሰር ጀመረ። በ1994 ኤሶፕ የተባለው፣ በሆድ ውስጥ የሚገባውን ካሜራ ብቻ የሚይዝ ክንድ ፈቃድ አገኘ። በ2000 ዳ ቪንቺ የተባለው መሣሪያ ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ለአጠቃላይ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተፈቀደለት፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰው «የቀዶ ሕክምና ሮቦት» ሲል የሚያስበው ይህንን ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ሐኪሙ ከበሽተኛው ፈንጠር ብሎ በአንድ ሣጥን መሰል መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ወደ መመልከቻው ሲያስጠጋ የሆድ ዕቃው ጎልቶና ጥልቀት ይዞ ይታየዋል። ጣቶቹን በመያዣዎቹ ውስጥ አግብቶ እጁን ሲያንቀሳቅስ በበሽተኛው ዘንድ ያሉት ክንዶች በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው እንቅስቃሴውን አሳንሰው ይደግሙታል፤ የእጁን መንቀጥቀጥ ያጣሩለታል፤ የመሣሪያዎቹም ጫፍ እንደ ሰው አንጓ ይታጠፋል። ሐኪሙ እጁን ካቆመ ክንዱም ይቆማል። በበሽተኛው አጠገብ ረዳት ሐኪም፣ ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ ቆመው መሣሪያ ይለዋውጣሉ፣ ትንፋሽና ልብ ይጠብቃሉ።

ከዚህ መግለጫ አንድ ነገር ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን። መሣሪያው ዕውቀት አይጨምርም፤ ያለውን ያበዛል። የሠለጠነ ሐኪም፣ የማያቋርጥ መብራት፣ ንጹሕ መሣሪያና በቂ ማደንዘዣ ባለበት ቤት ያንን ያበዛል። በባዶ ግን ማንኛውም ቁጥር ቢባዛ ውጤቱ ባዶ ነው።

፪. ከሰው እጅ ይበልጣል ስለሚባለው

ሮቦቱ ከመምጣቱ በፊት ሆድን ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ተጀምሮ ነበር። በዚህ አሠራር ሐኪሙ በካሜራ እየተመለከተ በረጃጅም ቀጭን መሣሪያዎች ይሠራል። ለበሽተኛው ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ከአልጋው ይነሣል። ለሐኪሙ ግን አስቸጋሪ ነው፤ መሣሪያው ቀጥ ያለ ዘንግ ስለ ሆነ አይታጠፍም፤ እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አንገቱና ወገቡ ይደክማል። ሮቦቱ ይህንን ችግር አቃልሎለታል፤ ይህን መካድ አይገባም።

የአመስጋኞቹ ስሕተት በማወዳደሪያው ላይ ነው። የሮቦትን ጥቅም ሲዘረዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ሆድ በሰፊው ከተከፈተበት ኦፕራሲዮን ጋር ነው። የቁስሉ ማነስና የፈውሱ መፍጠን ግን ያለ ሮቦት በትንንሽ ቀዳዳ ከሚሠራውም የሚገኝ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ከሚሠራ የሰለጠነ እጅ ይልቅ ሮቦቱ ምን ያህል ጨመረ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በሚገባ ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ በ2017 የታተመው ሮላር የተባለው ጥናት ነው። በ10 አገሮች የሚገኙ 471 የፊንጢጣ ካንሰር በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በሮቦት፣ ከፊሎቹ ያለ ሮቦት በትንንሽ ቀዳዳ ታከሙ። ሥራው በትንንሽ ቀዳዳ አልቻል ብሎ ሆዳቸው የተከፈተው በሮቦት ከታከሙት 8.1 በመቶ፣ ያለ ሮቦት ከታከሙት 12.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው ያለፈ መሆኑ አልተረጋገጠም። ይህ ማለት ሮቦቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የተጨመረው ጥቅም ከተከፈለው ዋጋ ጋር ገና አልተመዛዘነም ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው በ2018 የታተመው የማኅፀን በር ካንሰር ጥናት ነው። በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለባቸው 631 ሴቶች ግማሾቹ ሆድ ተከፍቶ፣ ግማሾቹ በትንንሽ ቀዳዳ ማኅፀናቸው ወጣ፤ ከትንንሽ ቀዳዳዎቹ አብዛኞቹ ያለ ሮቦት፣ ጥቂቶቹ በሮቦት የተሠሩ ነበሩ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በሕይወት ኖረው በሽታው ያልተመለሰባቸው ሆድ ተከፍቶ ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ከታከሙት 86 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከጥናቱ በፊት ብዙ ሐኪሞች ሁለቱ እኩል ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ2019 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ራሱ ሮቦትን ለካንሰር ሕክምና ስለ መጠቀም የጥንቃቄ ማስታወቂያ አወጣ።

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። እንግዲህ ያንን ዘመናዊ አሠራር ገና ስላልደረስንበት ስንቆጭ በነበረበት ጊዜ፣ በእኛ ሆስፒታሎች ሆድ ከፍቶ የሚሠራው ሐኪም ለበሽተኛዋ የተሻለውን ያደርግ ነበር። ቁስሉ ትንሽ መሆኑ ለዓይን ይታያል፤ ካንሰሩ መመለሱ ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ሂስ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

፫. ርቀትን ያጠፋል ስለሚባለው

የዳ ቪንቺ አባት የሆነው ምርምር በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ገንዘብ የተደገፈ ነበር፤ ሐሳቡም ሐኪሙ ከጦር ሜዳ ርቆ የቆሰለውን ወታደር እንዲያክም ነበር። ሐኪም ለሌለበት ስፍራ የታሰበው መሣሪያ ግን የተስፋፋው ሐኪም በሞላባቸው ከተሞች ነው፤ ሐኪሙና በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ መሣሪያው ከሚጻፈው ውስጥ ይህ መገለባበጥ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

ርቀትን የማቋረጡ ሙከራ ግን በእውነት ተደርጓል። በመስከረም 7 ቀን 2001 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው በስትራስቡርግ የተኛች የ68 ዓመት ሴት ሐሞት ከረጢት አወጡ። የእጃቸው እንቅስቃሴ አትላንቲክን ተሻግሮ ምስሉ እስኪመለስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ጊዜ ብቻ ይወስድ ነበር። ሥራው ብቻውን ከኒው ዮርክ ፓሪስ በበረረው በሊንድበርግ ስም ተሰየመ። ሊንድበርግ ግን ብቻውን ነበር፤ በስትራስቡርግ በበሽተኛዋ አጠገብ ግን ሐኪሞች ቆመው ነበር። በሰኔ 2025ም በአሜሪካ ፍሎሪዳ የተቀመጠ ሐኪም አንጎላ ውስጥ የተኛ ሰው የፕሮስቴት ካንሰር በሮቦት ሲያወጣ፣ በሉዋንዳ ሌላ የሐኪሞች ቡድን ከበሽተኛው ጎን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። መስመሩ ቢቋረጥ ሥራውን የሚፈጽሙት እነርሱ ናቸውና።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሦስተኛው ነው። ከ2003 ጀምሮ የካናዳው ሐኪም መህራን አንቫሪ ሃሚልተን ተቀምጠው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በኖርዝ ቤይ ከተማ ላሉ በሽተኞች በሮቦት 21 ኦፕራሲዮኖች አደረጉ። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ካለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እምብዛም አይበልጥም። የዚህ ሥራ ቁም ነገሩ የኖርዝ ቤይ ሐኪሞች ተመልካች አለመሆናቸው ነው። ራሳቸው ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ፤ መሪው ከሩቅ አብሯቸው እየሠራ ያላወቁትን አሠራር ተማሩ። ሽቦው እጅን ብቻ ሳይሆን ትምህርትንም ተሸከመ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የጅማ ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ለወራሪዎቹ ወታደሮች ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኖ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖር 15 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የመጨረሻው መድረሻ ነው። ምጥ የጠናባት የጌራ ሴት ወይም አንጀቱ የተጠማዘዘበት የሊሙ ገበሬ የሚጎዳው ርቀት በሐኪሙና በኦፕራሲዮን ጠረጴዛው መካከል ያለው አይደለም። ከቤት እስከ መጀመሪያው ጠረጴዛ ያለው ነው። በ2015 ስለ ዓለም ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ያቀረበው የላንሴት ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና ዋጋው የሚቻል ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ፣ በየዓመቱም 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ኦፕራሲዮኖች እንደሚያስፈልጉ ገልጿል። ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ፣ የማደንዘዣና የማዋለድ ስፔሻሊስቶች እንዲኖሩ ጠይቋል፤ አገራችን ከዚህ ቁጥር እጅግ ሩቅ ናት።

በዚህ ረገድ ርቀትን በእውነት ያሳጠረው በአገራችን የተሠራ አንድ ሥራ ነው። ከ2009 ጀምሮ ጅማን ጨምሮ በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ይሠለጥናሉ። ከነርስነትና ከጤና መኮንንነት ተነሥተው በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት በቀዶ ጥገና ማዋለድን፣ የታወከ ሆድ ከፍቶ ማዳንን ተምረው ወደ ወረዳ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሮቦት በታሰበለት ቦታ ሮቦቱ ያልደረሰበትን ሥራ የሠሩት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ የሩቅ ቀዶ ሕክምና ለእኛ ትርጉም የሚኖረው፣ በጅማ ያለ ስፔሻሊስት ከቦንጋ ወይም ከበደሌ መኮንን ጋር በምስል ተገናኝቶ «እዚያ ላይ አትቁረጥ፣ ትንሽ ወደ ላይ ሂድ» ሊለው ሲችል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ካሜራና አስተማማኝ መስመር ነው፤ ክንዱ በኋላ ቢመጣ ይደርሳል።

፬. ብቻውን ይሠራል ስለሚባለው

ሦስተኛው የምስጋና ቃል ስለ ወደፊቱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልናስብበት የሚገባውም እርሱ ነው።

በ2022 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስታር የተባለው ሮቦት የአሳማ አንጀት በአብዛኛው በራሱ እንደ ሰፋ አስታወቁ፤ ስፌቱም በርቀቱ እኩልነት ከሰው ስፌት ይሻል ነበር። በ2025 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ሥራ ከዚህ ራቀ። አዲሱ ሮቦት ከአሳማ ሬሳ በተወሰዱ 8 ሐሞት ከረጢቶች ላይ ሥራውን የሚያካትቱትን 17 ደረጃዎች በራሱ ፈጸመ፤ ሲሳሳት ራሱን አረመ፤ ከሰው ሐኪም ግን ይዘገይ ነበር። በሕያው ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገና ነው፤ ደም ይፈሳል፣ ሆድ ይተነፍሳል፣ አንዱ ሰው ከሌላው ይለያል። ስለዚህ በቅርቡ ሐኪም አያስፈልግም የሚሉት ቸኩለዋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ሮቦት የመማር ዘዴ ላይ ነው። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መሐንዲስ አልጻፈለትም። ሐኪሞች ሲሠሩ የተቀረጸ ምስል እየተመለከተ፣ ከምስሉ ጋር የተጻፈለትን ቃል እያነበበ ተማረ። በአጭሩ፣ እያየ ተማረ።

እያዩ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በልጅነታቸው በከባድ ምጥ ፌስቱላ ደርሶባቸው ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ዘንድ መጡ። ከታከሙ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ እያነጠፉ፣ መሣሪያ እያቀበሉ፣ የሐኪሞቹን እጅ እያዩ ኖሩ፤ በመጨረሻም ቢላውን ራሳቸው ያዙ። የመደበኛ ትምህርት ያልነበራቸው እኚህ ሴት በ1974 በተከፈተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን እስከ ማስተማር ደረሱ፤ በ1989ም የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሆስፒታሉ ሐኪሞች የሰጠውን የወርቅ ሜዳልያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተሸለሙ። ዛሬ ያ ሙያ እስከ ቡናው አገር እስከ መቱ ማዕከል ወርዷል።

አሁን ሁለቱን ተማሪዎች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ያዩት በወሊድ የተቀደደ ፌስቱላ ነው፤ ስለዚህ እርሱን መስፋት ቻሉ። ሮቦቱ የሚያየው በሀብታም አገር ሆስፒታል የሚቀረጸውን ነው፤ በጊዜ የተደረሰበትን የሐሞት ጠጠር፣ በምርመራ ቀድሞ የታወቀውን የፕሮስቴት ዕጢ። በወሊድ የሚመጣ ፌስቱላ በእነዚያ አገሮች ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለዓመታት ያደገ እንቅርት፣ ቀናት ያለፉት የተጠማዘዘ አንጀት፣ የታይፎይድ የበሳው ሆድ በዚያ ምስል ውስጥ እምብዛም የሉም። ያላየውን በሽታ የሚያውቅ ተማሪ የለም፤ ተማሪው የብረት ቢሆንም እንኳ።

እንግዲህ የወደፊቱ ሮቦት ወደ ጅማ ሲመጣ የሌላ አገር ሰው ሆድ የሚያውቅ፣ የእኛን የማያውቅ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወይም ደግሞ የእኛን ኦፕራሲዮኖች ሌሎች ቀርጸው ወስደው፣ ዕውቀቱን በመሣሪያ አድርገው መልሰው ይሸጡልን ይሆናል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው። ከሁለቱም የሚያድነን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሳችንን ቀዶ ሕክምና በራሳችን መዝግበን፣ መዝገቡን በእጃችን መያዝ።

፭. ለእኛ አይሆንም ስለሚሉት

ከላይ ያለውን ያነበበ ነቃፊ «ታዲያ እኔስ ያልሁት ይህንኑ አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም።

በመጀመሪያ፣ አዲስ አሠራርን ገና ሲታይ የናቁ ብዙ ጊዜ አፍረዋል። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ በ1985 ሐሞት ከረጢትን ለመጀመሪያ ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳ ባወጡ ጊዜ የአገራቸው የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አልተቀበላቸውም፤ በ1992 ግን ያው ማኅበር ከፍተኛ ሽልማቱን ሰጣቸው። ዛሬ ያ አሠራር የዓለም ልማድ ነው።

ሁለተኛ፣ ድኻ በሽተኛ የተሻለ ነገር አይገባውም የሚል ሐሳብ በነቀፌታው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ኦክስጅን ይቅደም ማለት ትክክል ነው፤ ኦክስጅን ብቻ ይብቃችሁ ማለት ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋው እንዳለ አይቀርም። አንድ ዳ ቪንቺ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያወጣ፣ በየዓመቱም ለጥገና ብቻ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች ጊዜያቸው እያለቀ ስለ ሄደ እንግሊዝ ቨርሲየስን፣ ሕንድ ኤስኤስአይ ማንትራን፣ ቻይና ቱማይን ሠርተው ገበያ ገብተዋል። የማሬስኮ ተቋም የሆነው ኢርካድም በ2023 በኪጋሊ የአፍሪካ ማሠልጠኛውን ከፍቷል። ነገሩ ወደ ጎረቤት መጥቷል።

አንዳንዶች የሞባይል ስልክን ምሳሌ ያነሣሉ፤ የሽቦ ስልክ ሳይዳረስ ሞባይል ደረሰ፣ ሮቦትም እንዲሁ ይዘልልናል ይላሉ። ምሳሌው ግማሽ እውነት አለው። ስልክ በገጠር የጸናው በሄርማታ መንገድ ዳር ተቀምጦ ከፍቶ የሚጠግነው ወጣት ስላለ ነው። የዳ ቪንቺ መያዣ መሣሪያዎች ግን በውስጣቸው ቆጣሪ አለባቸው፤ ለተወሰነ ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ደኅና ቢሆኑም መሣሪያው አልቀበልም ይላቸዋል። ከአምራቹ ፈቃድ ውጭ እነርሱን መክፈት ቀላል አይደለም።

ይህ ለእኛ ከባድ ነገር ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች ከሚገኙ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ እንደማይሠሩ አሳይቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በልምምድ ጊዜው በአንድ ሆስፒታል ጥሩ የማደንዘዣ መሣሪያ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በኮሪደር ቆሞ አይቷል፤ የጎደለው አንድ ትንሽ ዕቃ ነበር፤ ዕቃው የሚገኘው ከባሕር ማዶ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

መሣሪያ መቼ እንደሚጠቅም ለማወቅ ወደ ውጭ መሄድ አያስፈልገንም። የጅማ ቡና በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ፣ በጀንፈል በደረቀ ቡና ነበር። በአጋሮ አካባቢ በ2010 የተመሠረተው የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር የእሸት ቡና መፈልፈያ ተክሎ በ2012 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። መፈልፈያው ብቻውን ይህን አላደረገም። ገበሬው ቀይ ቀዩን መርጦ ለቀመ፣ በዕለቱ አደረሰ፤ ማኅበሩ ውሃውን ጠበቀ፣ ሒሳቡን ያዘ፣ መኪናው ሲሰበር የሚጠግን አዘጋጀ። አረንጓዴና ቀይ ተቀላቅሎ ቢገባበት ያው መፈልፈያ መጥፎ ቡና በፍጥነት ያወጣ ነበር።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የቀዶ ሕክምና ሮቦት ያለውን የሚያበዛ መሣሪያ ነው። ከሠለጠነ እጅ ብልጫው እስካሁን በተደረጉት ጥናቶች ጠባብ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዳንድ ካንሰር ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ርቀትን የሚያጠፋው በሁለቱም ጫፍ ሐኪም ሲኖር ነው። የወደፊት ኃይሉ ያለው እያየ በመማሩ ላይ ነው፤ የሚያየውን የሚወስን ሁሉ የሚያውቀውን ይወስናል።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በጅማና በአካባቢው ሆስፒታሎች የሚደረጉ ኦፕራሲዮኖች፣ በሽተኛው አውቆ ሲፈቅድና ማንነቱ ሲጠበቅ፣ ይቀረጹ፤ መዝገቡም የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆኖ በአገር ውስጥ ይቀመጥ። እስከዚያው ድረስ የመኮንኖቻችንና የተማሪዎቻችን መማሪያ ይሆናል፤ ስለዚህ ሮቦት ባይመጣ እንኳ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ሆነው በካርቶን ሣጥንና በስልክ ካሜራ የሚሠራ የመለማመጃ ሆድ ያዘጋጁ፤ በትንንሽ ቀዳዳ መስፋት የሚለመደው በእንዲህ ያለው ነው፤ ነገ በሮቦት የሚሠራውም ዛሬ በዚህ የለመደው ነው። ሦስተኛ፣ ማናቸውም ውድ መሣሪያ በግዢም ሆነ በስጦታ ሲመጣ፣ የመክፈትና የመጠገን መብትና ሥልጠና በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ይህ ከሌለበት ስጦታውን በትሕትና መመለስ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሮቦት ወደ ጅማ የሚገባበትን ቀን ማንም አያውቅም። ቀኑ ሲደርስ ግን እንደ ሄርማታው ገዢ እጃችንን ወደ ጆንያው መስደዳችን አይቀርም። ሻጩ ስለ ክንዱ ርቀትና ስለ ምስሉ ጥራት ሲነግረን ሰምተን፣ ሁለት ጥያቄ እንጠይቀው፤ ሲበላሽ የሚከፍተው ማን ነው? ፌስቱላስ አይቶ ያውቃል?